“ደረሰህ ወይ?” ከዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ እስከ ኤሌክትሮኒክ ፖስታ

ኤሌክትሮኒክ ፖስታ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች መለመድ በጀመረባቸው ዓመታት አንድ ልማድ አብሮት ተወለደ። ጸሐፊው ደብዳቤውን በኮምፒዩተር አዘጋጅቶ የመላኪያውን ቁልፍ ከተጫነ በኋላ፣ ወዲያው የስልኩን እጀታ አንሥቶ ተቀባዩን “ደረሰህ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ደብዳቤው በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ከማዶ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ “የሆነ ነገር ደርሷል፤ ግን አይነበብም” የሚል ነበር።

ነገሩ ከውጭ ለሚመለከተው ያስቃል፤ በስልክ የሚጠየቅ ከሆነ ደብዳቤው ለምን ተጻፈ ያሰኛል። ነገር ግን ልማዱ የመጣው ካለመሠልጠን አልነበረም። ሰው የሚገለገልበት መሣሪያ አንድ ጊዜ ሳይነግረው ከከዳው፣ ሁለተኛ በቃሉ አያምነውም። በኮምፒዩተር ሙያ የተሰማራው ወገን ይህን እምነት ማጣት ብዙ ጊዜ የተጠቃሚው ጉድለት አድርጎ ሲቆጥረው ኖሯል። ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር ግን ጉድለቱ በሌላ በኩል ሆኖ ይገኛል።

ታሪኩም ከኮምፒዩተር ይቀድማል። መልእክት ተልኮ ምላሽ ሲያጣ ላኪው ዝምታውን በልቡ ይተረጉመዋል፤ ትርጓሜውም አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ይሆናል። በኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ አሻራውን የተወው በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ፣ በጋይንት ምድር ላይ ነው።

የጨጨሆ አቀበት

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ትከሻ ጀምረው ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርዱ አገሮች ናቸው። በቀድሞ ዘመን በእነዚህ አገሮች ደብዳቤ የሚጓዘው በእግረኛ መልክተኛ እጅ፣ በስንጥቅ በትር ጫፍ ተሰክቶ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መልክተኛውም እስኪጎድል ድረስ ከዳር ይቀመጣል። ይሁን እንጂ የመዘግየቱ ምክንያት ለሁሉም የታወቀ ነበር። ወንዝ ሞልቶ ቀረ ከተባለ ላኪውም ተቀባዩም ነገሩን ይረዳዋል፤ ማንም ማንንም አይቀየምም። ቅያሜ የሚመጣው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፉ። ፍሬ ነገሩ ወዳጅነትን መሻታቸውንና መልክተኞቻቸው በሰላም ወደ እንግሊዝ አገር የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው መጠየቃቸው ነበር። ደብዳቤውን የተረከበው የእንግሊዝ ቆንስል ቻርልስ ደንከን ካሜሮን ነው። ካሜሮን ግን እንደታሰበው ራሱ ይዞ በመሄድ ፈንታ ደብዳቤውን በሌላ እጅ ልኮ እሱ ወደ ሱዳን ጠረፍ አመራ። ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ገባ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግን ምላሽ ሳይሰጥበት ወደ ጎን አኖረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በዘመኑ ሚዛን ሲመዘን መጓጓዣው አልከሸፈም፤ ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ለንደን አራት ወር ያህል ብቻ ወሰደ። የከሸፈው ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ነበር። ለላኪው ደግሞ “ደርሷል፣ ቆይ” የሚል አንዳች ቃል አልተመለሰለትም። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጠሩት። ካሜሮን መልስ ሳይዝ ተመልሶ በመገኘቱ በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥቲቱን መልስ ይዞ በፊታቸው የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው፤ ከደብዳቤው መጻፍ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ያህል በኋላ መሆኑ ነው። የዘገየው መልስ የተጎዳውን ልብ ሊጠግነው አልቻለም፤ ራሳምም ከታሳሪዎቹ አንዱ ሆነ።

የእንግሊዝ ጦር መምጣቱ ሲታወቅ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በጋፋት የተሠራውና ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በሠረገላ ተጭኖ በጋይንት አለፈ። በጨጨሆ አቀበት ላይ መንገድ ስላልነበረ መንገድ ተሠራ፤ ዓለቱ በባሩድ ፈረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር በዘመኑ የነበሩት አውሮፓውያን መስክረዋል። ከዚያ በዋድላና በደላንታ፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል ወርዶ ወጥቶ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሁሉም ነገር አበቃ።

ጦርነቱ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ሁሉን በአንድ ደብዳቤ ላይ መጫን ታሪክን ማቅለል ይሆናል። ሆኖም የእስራቱ መነሻ መልስ ያጣው ደብዳቤ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ደብዳቤው ግን አልጠፋም። ከመዝገብ ቤት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ግርማ ሥላሴ አስፋው፣ ዴቪድ አፕልያርድና ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ ከሌሎቹ የንጉሠ ነገሥቱ የአማርኛ ደብዳቤዎች ጋር አሳትመውታል። ወረቀቱ ቃሉን ሳያጎድል ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቆ ቆይቷል። ይህ ነጥብ ከታች ስለ ኮምፒዩተር ሲነገር ተመልሶ ይነሣል።

ከእግረኛ ወደ ሽቦ

ከመቅደላ በኋላ የመልእክት መንገድ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ተመሠረተ፤ ከሐረር አዲስ አበባ የሚደርሰው የስልክና የቴሌግራፍ መስመርም በእነዚሁ ዓመታት ተዘረጋ። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ጋይንትን አቋርጦ ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘው መኪና መንገድ በቻይናውያን እርዳታ ሲሠራ፣ ሴባስቶፖል በሰው ትከሻ የተጎተተበት አገር በጭነት መኪና የሚታለፍ ሆነ።

እነዚህ መሣሪያዎች በፍጥነት ቢለያዩም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። የአደራ ደብዳቤ የላከ ሰው ደረሰኝ ይቀበላል፤ ከፈለገም የመድረሻ ማስታወቂያ ይጠይቃል። ባለአድራሻው ያልተገኘ ፖስታ ማኅተም ተመትቶበት ወደ ላኪው ይመለሳል። በስልክም ድምፁ ሲቋረጥ ሁለቱም ወገን ወዲያው ያውቃል። መሣሪያው ሲከሽፍ መክሸፉን ይናገራል ማለት ነው።

የተረከበ ያደርሳል፤ ካላደረሰ ይናገራል

ኤሌክትሮኒክ ፖስታን የፈጠሩት ሰዎችም ይህን የፖስታ ሕግ አልዘነጉትም። ሬይ ቶምሊንሰን በመረብ በተያያዙ ኮምፒዩተሮች መካከል የመጀመሪያውን መልእክት የላከው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ጆን ፖስቴል መልእክት ከማሽን ወደ ማሽን የሚተላለፍበትን ደንብ ጽፎ አወጣ። የደንቡ ዋና ቁም ነገር እንዲህ ተጠቃልሎ ሊነገር ይችላል፤ አንድ ማሽን መልእክት ለማድረስ ከተረከበ በኋላ ወይ ያደርሰዋል፣ ወይ አለመድረሱን ለላኪው ያስታውቃል፤ ዝም ብሎ መጣል የለም። የለንደኑ መሥሪያ ቤት በ1855 ዓ.ም. ይህን ደንብ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ የቴዎድሮስ ዘመን ታሪክ ሌላ ምዕራፍ በኖረው ነበር።

ይህ ዘዴ አዲስ አበባ የገባው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ነው። በኮሚሽኑ ሥር እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ድርጅት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶ በሚባለው ዘዴ የፖስታ ጣቢያ ከፈተ። አሠራሩ ከጥንቱ መልክተኛ ጋር በጣም ይመሳሰል ነበር። የተጻፈው ሁሉ በጣቢያው ኮምፒዩተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በስልክ መስመር ከውጭ አገር ጣቢያ ጋር ግንኙነት ይደረግና የሚሄደው ሄዶ የመጣው ይራገፋል። የስልኩ መስመር መካከል ላይ ከተበጠሰ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ለዓለም አቀፍ ጥሪ በደቂቃ የሚከፈለው ዋጋ ከፍተኛ ስለነበር እያንዳንዱ መቋረጥ ገንዘብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚጥሩ ባለሙያዎች ተሰባስበው ሐሳብ ማቅረብ ጀመሩ። በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ ከፈተ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ኤሌክትሮኒክ ፖስታ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ብቻ መሆኑ ቀርቶ በመሥሪያ ቤቱ፣ በዩኒቨርሲቲውና በነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የተጠቃሚው ምሬትም አብሮ ተቀመጠ።

ሰባት ቢትና የግዕዝ ፊደል

የ1982ቱ ደንብ በማድረስ በኩል ጠንቃቃ ቢሆንም፣ የታሰበው ለእንግሊዝኛ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል በሰባት ቢት ይወከላል፤ በሰባት ቢት ሊቈጠር የሚችለው ከ128 አይበልጥም። ይህም ለላቲን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት፣ ለቁጥሮችና ለነጥቦች ይበቃል። የአማርኛ ፊደል ግን 33 ዋና ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከዚያም ይልቃል። ከ128 ቦታ ላይ 231 ፊደል ማስቀመጥ፣ በአንድ ቁና ሁለት ቁና እህል ለመስፈር እንደመሞከር ነው።

ኢትዮጵያውያን የፕሮግራም ጸሐፊዎች መላ አላጡም። አጋፋሪ፣ ዋሸራ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም እየተከታተሉ ወጡ። ዘዴያቸው በላቲን ፊደል መለያ ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ ማልበስ ነበር። ኮምፒዩተሩ በውስጡ የሚያውቀው የላቲን ምልክት ነው፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ግን ፊደላችን ነው። ለጽሕፈትና ለኅትመት ዘዴው ታላቅ አገልግሎት ሰጠ። ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም ልብሱን በየራሱ ልክ መስፋቱ ነው። በአንዱ ዘንድ “ለ” የሆነው ቁጥር በሌላው ዘንድ “ሽ” ሊሆን ይችል ነበር።

ደብዳቤው በኤሌክትሮኒክ ፖስታ ሲላክ ደግሞ ልብሱ መንገድ ላይ ይወልቃል። የፖስታው ፕሮግራም የሚያደርሰው ቁጥሮቹን ብቻ ነው፤ ቅርጹን አያደርስም። በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ስምንተኛውን ቢት ከቈረጡት ቁጥሮቹም ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ናትናኤል ቦረንስቲንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን ደንብ አውጥተው ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉ ጽሑፎች፣ ሥዕሎችና ድምፆች ተጠቅልለው የሚላኩበትን መንገድ ከፈቱ። ነገር ግን ጥቅሉን የሚፈታው ፕሮግራም ፊደሉን ካላወቀው ጥቅሉ በደህና መድረሱ ብቻውን አይበቃም። አንድ ገጽ ሙሉ አማርኛ በተቀባዩ ዘንድ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል፣ ሥርዝና ቅንፍ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ተጠቃሚው ያደረገው ጥረት ዛሬ ሲታሰብ ያስደንቃል። አንዱ ደብዳቤውን ከነፕሮግራሙ በዲስክ ይልካል። ሌላው ወረቀት ላይ አትሞ፣ ወረቀቱን እንደ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሥዕሉን ይሰዳል፤ ሥዕሉ በዝግተኛው የስልክ መስመር ለመድረስ ሰዓት ይፈጃል። ብዙው ሰው ግን አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ያም የራሱን ጣጣ አመጣ። “ጠ” እና “ተ” በአንድ የላቲን ፊደል ሲጻፉ “ጠፋ” እና “ተፋ” አይለዩም፤ “ጠራ” እና “ተራ” አንድ ይሆናሉ። ይህን ለማስተካከል ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን ሥርዓት በ1990ዎቹ አዘጋጁ። በሴራ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል የተለያየ ድምፅ ስለሚወክሉ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ አጻጻፍ ያገኛል፤ መልእክቱም በማንኛውም ሰባት ቢት መንገድ ሳይበላሽ ያልፋል። ዘዴው ብልህ ነበር። ሆኖም የገዛ ቋንቋውን ለመጻፍ የሌላውን ፊደል እንዲያጠና የተገደደው ያው ተጠቃሚው ነበር።

ባዶ ሣጥንና የጥያቄ ምልክት

በዚህ ታሪክ ውስጥ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የፖስታ ፕሮግራሞች ድርሻ ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። በዘመናቸው ከተወደዱት አንዱ ኢዩዶራ ነው። ስቲቭ ዶርነር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፎታል። ስሙን የወሰደው ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ከኢዩዶራ ዌልቲ ሲሆን፣ ምክንያቱም በፖስታ ቤት ውስጥ ስለምትኖር ሴት የሚተርክ አጭር ልቦለድ በመጻፏ ነው። ፕሮግራሙ ፈጣንና ታማኝ ነበር፤ ነገር ግን የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ቈጠራ ያሰባሰበውን የዩኒኮድን አጻጻፍ በአግባቡ ሳይቀበል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ልማቱ ቆመ። ተጠቃሚዎቹ ለዓመታት ቢያመለክቱም ማሻሻያው አልመጣላቸውም።

እንደነዚህ ያሉ ፕሮግራሞች የማያውቁት ፊደል ሲገጥማቸው የሚያደርጉት ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱም ለባለሙያው ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። አንዳንዱ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ያሳያል። ባዶ ሣጥን ማለት “ቁጥሩ አለኝ፤ ቅርጹ የለኝም” ማለት ነው። ተቀባዩ ተገቢውን የፊደል ቅርጽ ሲያስገባ ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ ይገለጣል። ሌላው ግን የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካና እንደዚያው መዝግቦ ያስቀምጠዋል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ቃል ለዘለዓለም ጠፍቷል፤ ምንም ዓይነት የፊደል ቅርጽ ቢገባ አይመለስም። የቴዎድሮስ ደብዳቤ በለንደን መዝገብ ቤት የተቀመጠው እንደ ባዶ ሣጥን ነበር፤ የዘነጉት ሰዎች ካለፉ በኋላ የሚያነበው ተገኘ። የጥያቄ ምልክት የሆነ ደብዳቤ ግን ይህን ዕድል አያገኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሁለቱም ሲሆኑ ላኪው የማያውቅ መሆኑ ነው። በ1982ቱ ደንብ ዓይን መልእክቱ ደርሷል፤ ማሽኑ ግዴታውን ተወጥቷል፤ ስለዚህ የሚመለስ ማስታወቂያ የለም። ደንቡ አለመድረስን እንጂ አለመነበብን አላሰበም። ላኪው መልስ ሲያጣ ተቀባዩን ይቀየማል፤ ተቀባዩ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሲያይ ላኪውን እንዳላወቀ ይቈጥረዋል። በመካከላቸው የቆመው ፕሮግራም ግን ሥራው እንደተቃና ሆኖ ይታያል። “ደረሰህ ወይ?” የሚለው የስልክ ጥያቄ በደንቡ ውስጥ የጎደለውን አንቀጽ ተጠቃሚው በራሱ ወጪ የሞላበት መንገድ ነበር።

የቤተ ልሔም ምልክቶች

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን ያዘ። ከዚህ በኋላ “ለ” በየትኛውም አገርና በየትኛውም ማሽን አንድ ቁጥር ብቻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ ሲመጣ ተራው ተጠቃሚ ልዩ ፕሮግራም ሳይገዛ ማንበብ ቻለ። ስለዚህ ዛሬ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለ ሰው በእጅ ስልኩ በገዛ ፊደሉ ይጽፋል፤ ተቀባዩም ያነበዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለጋይንት የሚገባ አንድ ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የዩኒኮድ እትም አሥር የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥና የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ከድጓ መስመር በላይ በደቃቁ የሚጻፉና ዜማው የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን የሚያመለክቱ ናቸው። የዜማ ምልክት ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይነገራል። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባ ሁለቱም በጋይንት ናቸው። ምልክቱ የጠፋበት ድጓ ቃሉ ቢነበብም አይዜምም፤ ሊቃውንቱ “ጽሑፉ ደርሷል” በሚል ብቻ የማይረኩት ለዚህ ነው።

የቤተ ልሔም አሠራር ለመሣሪያ ሠሪ ትምህርት አለው። ተማሪው በሌላ ጉባኤ ቤት ቢማርም፣ ከምስክሩ ፊት ቀርቦ የተማረውን በድምፁ መልሶ ያሰማል። መምህሩ የሚመዝነው የተሰጠውን ሳይሆን ተመልሶ የተሰማውን ነው፤ ስሕተቱም ስሕተት በሆነበት ስፍራ ይታረማል።

መደምደሚያ

የፊደሉ ችግር በአብዛኛው ተቃልሏል፤ ያለፈው ዕዳ ግን አልተከፈለም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ዓመታት በልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ጥናቶች ዛሬም በአሮጌ ዲስኮች ውስጥ አሉ። ቁጥራቸው ሳይለወጥ የተቀመጡት እንደ ባዶ ሣጥን ናቸው፤ የጻፏቸው ፕሮግራሞች አሠራር የሚታወቅ እስከሆነ ድረስ ወደ አዲሱ ቈጠራ ሊገለበጡ ይችላሉ። ዕውቀቱ ከሰዎቹ ጋር ካለፈ ግን እነሱም የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። የፖስታ አድራሻን በላቲን ባልሆነ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቢወጣም፣ የብዙው ሰው አድራሻ እስካሁን በላቲን ፊደል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለሙያው ባልደረቦች ግልጽ ነው። ተጠቃሚው ሲማረር መጀመሪያ መመርመር ያለበት መሣሪያው እንጂ የተጠቃሚው ዕውቀት አይደለም። መሣሪያ ሊከሽፍ ይችላል፤ በሽሎም ክረምት ክረምት ይሞላል። መልክተኛው ከወንዙ ዳር ሆኖ “ሞልቷል” ካለ ግን ማንም አይቀየምም። መክሸፉን የሚደብቅ መሣሪያ በላኪና በተቀባይ መካከል ያለውን እምነት ይበላል። የጨጨሆ አቀበት የሚመሰክረውም ይህንኑ ነው፤ በዚያ ዓለት ላይ ሰባት ቶን ብረት ካስጎተቱት ምክንያቶች አንዱ፣ ለአንድ ደብዳቤ “ደርሷል” የሚል አጭር ቃል በጊዜው አለመመለሱ ነበር።